ከርዕስ የወጣ

እናቴ አዲስ ወሬ ከመጀመሯ በፊት አምስት ጊዜ ታንኳኳ ነበር። ጠረጴዛ ካገኘች ጠረጴዛውን፣ ካጣች የድስቱን ክዳን፣ እሱም ከሌለ የእኔን ጭንቅላት፤ በአመልካች ጣቷ፣ ቀስ ብላ፣ እኩል እኩል። ጠ ጠ ጠ ጠ ጠ። ከዚያ ስለ ሌላ ነገር ታወራለች። እናቶች ሁሉ እንዲህ የሚያደርጉ ይመስለኝ ነበር። ጎረቤታችን ከሚያፈሰው ጣሪያዋ ወደ ጥርሷ፣ ከጥርሷ ወደ ሟች ባሏ ያለ ምንም ማንኳኳት ስትዘል ስሰማ፣ ምስኪን፣ ጣቷን ምን አግኝቷት ይሆን እል ነበር።

እናቴ በውሃ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበረች። በዚያ ዘመን በጽሕፈት መኪና አዲስ አንቀጽ የሚጀመረው ከታች ያለውን ረጅሙን የክፍተት መምቻ አምስት ጊዜ በመምታት ነው፤ የመጀመሪያው ቃል ከዳር አምስት ፊደል ያህል ገባ ብሎ ይቀመጣል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በቀን መቶ ጊዜ ይህን ሲያደርግ የኖረ እጅ፣ ቤት ሲገባ ከሥራ መውጣቱን አይረዳም።

እኔም ዛሬ የምተዳደረው በዚሁ ነው ማለት ይቻላል። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ እንኳ መሥሪያ ቤቶች ሠራተኞቻቸውን ደብዳቤ አጻጻፍ እንዳስተምርላቸው ይጠሩኛል። በየስልጠናው ከኋላ ወንበር አንድ ሰው እጁን ያወጣል፤ «አንድ አንቀጽ ስንት መስመር መሆን አለበት?» ሐሳቡ ሲያልቅ ያልቃል እላለሁ። አጎንብሰው ይጽፉታል። ውሸት አይደለም። ሙሉም አይደለም።

የእናቴን ሥራ አስኪያጅ ሠራተኛው በሹክሹክታ «ወንዙ» ይላቸው ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ ከእናቴ ጠረጴዛ ሥር በታሠሩ አሮጌ ፋይሎች ላይ እቀመጣለሁ። የካርቦንና የቀለም ጥብጣብ ሽታ አለ፤ ከፊቴ የእናቴ ጫማ፣ ከዚያ ባሻገር ወዲህና ወዲያ የሚሉ የወንዙ ጫማዎች። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው እየተንጎራደዱ ያስጽፋሉ። ዓረፍተ ነገራቸው ከበር ይነሣና መስኮት ደርሶ ይመለሳል እንጂ አያልቅም።

አንድ ቀን ማስታወቂያ አስጻፉ። ሙሉውን አስታውሰዋለሁ፤ መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ለዓመታት በቃሉ ይለው ነበርና። «በዋናው ቧንቧ ጥገና ምክንያት ከነገ ጀምሮ ለሁለት ቀን ውሃ የማይኖር መሆኑን እያስታወቅን፣ የመጋዘን ዘበኛችን ወላጅ እናት በማረፋቸው የቀብራቸው ሥነ ሥርዓት ነገ በዘጠኝ ሰዓት የሚፈጸም ስለሆነ፣ ሠራተኛው በሙሉ ባልዲውንና ጀሪካኑን ይዞ በሰዓቱ እንዲገኝና ሳያባክን እንዲጠቀም በጥብቅ እናሳስባለን።»

የእናቴ ጣት ቆመ። «ጌታዬ፣ እዚህ ጋ ብቆርጠውስ?»

«ለምን ይቆረጣል?»

«ሁለት ጉዳይ ነው።»

«ወረቀቱ አንድ አይደለም እንዴ?»

«አንድ ነው።»

«እኮ! አንድ ወረቀት፣ አንድ ማስታወቂያ። ቀጥይ።»

በማግሥቱ አርባ ሁለት ሠራተኞች ባልዲና ጀሪካን ይዘው መቃብር ቦታ ተገኙ። ዘበኛው እንባውን ጠርጎ ከባልዲው ወደ ሰዉ፣ ከሰዉ ወደ ባልዲው አየና፣ «ይህን ያህል ታለቅሱላታላችሁ ብዬ አልጠበቅሁም» አለ ይባላል። ከዚያ ወዲህ ወንዙ ለእናቴ፣ «እንግዲህ መቀሱ በአንቺ እጅ ነው፤ እኔ ልፍሰስ፣ አንቺ ገድቢ» አሏት። ገደበቻቸው። የውሃ መሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ሌሎች መሥሪያ ቤቶች ሳይቀሩ የሚያደንቁት ሆነ፤ ወንዙም በአጻጻፋቸው ይመሰገኑ ጀመር።

እቤት ይህን ደጋግማ ትለኝ ነበር፤ «ሁለት ጉዳይ በአንድ በር አታስገቢ። ይጋፋሉ። አንዱ ሌላውን ረግጦ ይገባል።»

አባቴ ሩቅ ነበር። በአውቶቡስ የሁለት ቀን መንገድ ተሂዶ በሚደረስ ተራራ ውስጥ ለባቡር መስመር ዋሻ ይቆፍራል። በዓመት ሁለቴ ይመጣል፤ ከጆሮው እጥፋት ውስጥ የድንጋይ ብናኝ በጣቴ እያወጣሁ እጫወታለሁ፤ እሱ እየሳለ ይስቃል። ሲስቅ ነው የሚስለው ወይስ ሲስል ነው የሚስቀው፣ ለይቼ አላውቅም ነበር።

በየወሩ ይጽፍልናል። ደብዳቤዎቹን ግን በዓይኔ አይቻቸው አላውቅም። እናቴ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ወረቀቱን በእኔና በእሷ መካከል ከፍ አድርጋ ትይዛለች፤ እኔ ከፊት ለፊቷ ደብተሬን ጭኔ ላይ ዘርግቼ እጠብቃለሁ። «ለእጅ ጽሑፍሽ ይጠቅምሻል፤ ጻፊ» ትለኛለች። ታነባለች፣ እጽፋለሁ። አንድ ጉዳይ ሲያልቅ ትቆማለች። ዓይኗ ከወረቀቱ አይነሣም። ጣቷ የወንበሩን ክንድ አምስት ጊዜ ይመታል። እኔ አንድ መስመር ወረድ፣ አምስት ፊደል ገባ እላለሁ።

እንዲህ ነበር የሚመጣልኝ፦

«ልጄ፣ እኔ ደህና ነኝ። ዋሻው ሦስት መቶ ሜትር ገብቷል። ከወዲያ በኩል የሚቆፍሩት ሰዎች የመዶሻ ድምፅ አሁን በዓለቱ ውስጥ ይሰማናል።»

ጠ ጠ ጠ ጠ ጠ።

«ካምፑ ውስጥ አንድ ውሻ አለ። ፈንጂው ሊፈነዳ ሲል ከሁላችን ቀድሞ ይሸሻል። ስለዚህ አለቃ አድርገነዋል።»

ጠ ጠ ጠ ጠ ጠ።

«ትምህርት እንዴት ነው? እናትሽን አታስቸግሪያት።»

ከእነዚህ አንቀጾች የሚያምር ነገር አይቼ አላውቅም ነበር። ሦስት ንጹሕ ክፍሎች፤ በአንዱ ዋሻ፣ በአንዱ ውሻ፣ በአንዱ እኔ።

የእናቴ ታናሽ እህት፣ አክስቴ፣ ከእኛ ጋር ትኖር ነበር፤ ልብስ ሰፊ ናት። መኪናዋ በዚያው ክፍል ጥግ ነው። አፏ ሁልጊዜ በእስፒል የተሞላ ስለሆነ በከንፈሯ ጥግ ነው የምታወራው። አንድ ማታ ወደ ክፍሉ ስገባ እንዲህ ስትል ሰማኋት፤ «እትዬ፣ እስከ መቼ ትደብቂያታለሽ?»

«እስኪያልፍ።»

«ባያልፍስ?»

እናቴ አየችኝ። የመስኮቱን ደፍ አምስት ጊዜ መታች። «ክርሽ አልቋል» አለቻት።

ክሩ አላለቀም ነበር። እኔ ግን ነገሩ ወዲያው ገባኝ፤ ልብስ እየተሰፋልኝ ነው። በድብቅ። አክስቴ በዚያ ሰሞን አንድ ሰማያዊ ጨርቅ ስቀርብ ወደ ሥር ታስገባ ነበር። ሌላ ምን ይደበቃል? ያላወቅሁ መሰልሁ። እነሱ እኔን፣ እኔ እነሱን፣ ሁላችንም በፍቅር ስንሸዋወድ ከረምን።

ትምህርት ቤት ደግሞ ቀይ እርሳስ ነበሩ። የቋንቋ መምህራችን ናቸው፤ እርሳሱ ከጆሯቸው ጀርባ ስለማይወርድ ስሙ ለሰውየው ቀረ። «አንቀጽ ማለት የወታደር ጓድ ነው» ይሉ ነበር። «የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር አዛዥ ነው። የማይታዘዝ ዓረፍተ ነገር ምን ይደረጋል?»

«ይባረራል!» እንላለን በአንድ ድምፅ።

በደብተራችን ዳር የሚጽፉት አራት ነገር ብቻ ነው፤ «ድግግሞሽ»፣ «ግልጽ አይደለም»፣ «ከርዕስ የወጣ» እና «ሐሳቡ ይወሰን»። ከአራቱ አንዱን ሳያገኝ ቤቱ የገባ ተማሪ አልነበረም።

አንድ ቀን፣ ከቤታችሁ የመጣ ደብዳቤ ገልብጣችሁ አምጡ አሉ። ደብተሬን ሰጠኋቸው። ቆመው አነበቡት። እርሳሱ ከጆሯቸው ጀርባ አልተነቃነቀም። ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ለክፍሉ አነበቡት፤ በየአንቀጹ መካከል ልክ እንደ እናቴ ዝም እያሉ።

«ይህን ማነው የጻፈው?»

«አባቴ።»

«ምንድን ነው ሥራቸው?»

«ዋሻ ነው የሚቆፍረው።»

«ዋሻ!» አሉ፤ ዞረው። «ሰማችሁ? ዋሻ የሚቆፍር ሰው በጨለማ እንዲህ ይጽፋል። እናንተ በጠራራ ፀሐይ ተቀምጣችሁ ትተራመሳላችሁ!»

በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ረጅም ሆኜ አላውቅም። የቆየው ግን ከኋላዬ የተቀመጠችው የመድኃኒት ሻጩ ልጅ እጇን እስክታወጣ ነው። «ጋሼ፣ እጅ ጽሑፉ የራሷ ነው። ራሷ ፈጥራው ነው።»

«እናቴ አንብባልኝ ነው የጻፍሁት!»

«ታዲያ ዋናው የታል?»

ክፍሉ «ዋናው! ዋናው!» ማለት ጀመረ። ቀይ እርሳስ እጃቸውን አነሡ። «መልካም። ዋናውን አምጪና ሁሉም አይቶ ይፈር።»

በዚያው ማታ አዲስ ደብዳቤ ጠበቀን። እናቴ መስኮቱ ሥር ተቀመጠች፤ እኔ ደብተሬን ዘረጋሁ። ያን ማታ ማንኳኳቷ አምስት ላይ አልቆመም። ሰባት ቆጠርሁ፤ ሌላ ቦታ አሥራ ሁለት። አንድ ጊዜ እንዲያውም ጣቷ ያለ ማቋረጥ ሲመታ ቆየና፣ ምናልባት ትልቅ አንቀጽ ሊመጣ ነው ብዬ ግማሽ ገጽ ባዶ ተውሁለት። የአክስቴ መኪና ቆሟል። «ቀጥዪ እንጂ እማዬ» አልሁ። «ውሻው ወለደ» አለች እናቴ። «ለካ ሴት ኖሯል። አለቃችን አራት ወለደ።» ሳቅሁ። እሷም ሳቀች። ከእራት በኋላ ደብዳቤውን ብቻዋን ደግማ ስታነበው አየኋት፤ ከዚያ አጥፋ ቁም ሣጥኑ ላይ ባለው የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ከተተችው።

ጠዋት ፊቷን ስትታጠብ ወሰድሁት።

ትምህርት ቤቱ ደረጃ ሥር ተቀምጬ ከፈትሁት። መጀመሪያ የተሳሳተ ወረቀት ያነሣሁ መሰለኝ። ከላይኛው ጠርዝ እስከ ታችኛው፣ ከግራ ዳር እስከ ቀኝ ዳር፣ ተገልብጦም በጀርባው፤ አንቀጽ የለ፣ አራት ነጥብ የለ፣ ትንፋሽ የለ። ዋሻ ቆፋሪው አባቴ ግድግዳ ልኮልናል።

«ልጄ እኔ ደህና ነኝ ሳሉ ግን ካለፈው ብሷል ዋሻው አራት መቶ ሜትር ገባ ሌሊት ተቀምጬ ነው የማድረው ስተኛ ያፍነኛል ውሻው ወለደ ለካ ሴት ኖሯል አለቃችን አራት ወለደ ሳቅሁና ሳሉ ተነሣ መሐረቡን አላሳየኋቸውም ልጄ ትምህርት እንዴት ነው...»

ለእናቴ የተጻፈውና ለእኔ የተጻፈው እንደ ሁለት ክር አንድ ላይ ተፈትሏል። ይህን የማውቀው ዛሬ ነው። ያኔ የታየኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይህን የመድኃኒት ሻጩ ልጅ ብታየው አባቴ አለቀለት።

ደብተሬን አወጣሁና ጎን ለጎን አስተያየሁት። ደብተሬ ውስጥ የሌሉ ብዙ ዓረፍተ ነገሮች ወረቀቱ ላይ አሉ። ግራ አልገባኝም። እንዲያውም ኮራሁ፤ እናቴ የወንዙን እንደምትገድበው የአባቴንም ትገድባለች ማለት ነው። ሥራዋ ነው። እኔም ልጇ ነኝ። የራሴ ቀይ እርሳስ ነበረችኝ፤ አሾልኋትና ሥራ ጀመርሁ።

ስለ ሳሉ አራት ጊዜ ተጽፏል። አንዱን ተውሁለት፤ ሦስቱን ሠረዝሁና በዳሩ «ድግግሞሽ» ብዬ ጻፍሁ። «ሐኪሙ ራጁን በመስኮቱ ብርሃን እያሳየኝ ድንጋዩ ከዋሻው ወጥቶ ደረትህ ገብቷል አለኝ» የሚለውን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ድንጋይ እንዴት ደረት ውስጥ ይገባል? «ግልጽ አይደለም።» ከዚያ የሚከተለው ስለሚወስዱት ሆስፒታል ነው፤ ስሙን፣ ከተማውን፣ የአልጋ ክፍሉን ቁጥር ሳይቀር በታችኛው ጥግ አጨናንቆ ጽፎታል። ሆስፒታልን አውቀዋለሁ፤ አክስቴ መርፌ ጣቷ ውስጥ ተሰብሮባት ሄዳ በማግሥቱ እየሳቀች ተመልሳለች። ይህ ደብዳቤ ደግሞ ስለ ዋሻው ነው። «ከርዕስ የወጣ።»

ከሁሉ ያናደደኝ የመጨረሻው ነበር። «ብትመጪ ደስ ይለኛል ባትመጪም አልቀየምሽም ልጅቷን ለማን ትተሻት ትመጫለሽ ባትመጪ ይሻላል ግን ብትመጪ።» አባቴ እንዲህ የሚዋልል ሰው አልመሰለኝም ነበር። መስመሩን በሙሉ አጥብቄ ሠረዝሁትና በትልቁ ጻፍሁ፤ «ሐሳቡ ይወሰን።»

ስጨርስ ቀና ብዬ አየሁት። ግድግዳው እንዳለ ነበር፤ አሁን ደግሞ ቀይ ሆኗል። ለሰው የሚታይ አልነበረም። የጂኦግራፊ መጽሐፌ ልባስ ውስጥ ሸጎጥሁት።

«የታል ዋናው?» አሉ ቀይ እርሳስ።

«እናቴ ከለከለችኝ።»

«እሰይ!» አለች የመድኃኒት ሻጩ ልጅ። ክፍሉ ሳቀ።

ያን ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ቤታችን ተገልብጧል። የብስኩት ቆርቆሮው አፉን ወደ ታች ተደፍቷል፤ ፍራሾቹ ተነሥተዋል፤ እናቴ በሥራ ልብሷ ወለሉ ላይ ተንበርክካ የስፌት መኪናውን መሳቢያ ታራግፋለች፤ ቁልፎች፣ ጠመኔ፣ የክር ጥቅልሎች።

«አንቺ ነሽ!» ትላለች አክስቴን። «እንዳልሄድ ብለሽ ነው!»

«እትዬ፣ ምን ነካሽ? እኔ ደብዳቤ የምደብቅ ነኝ?»

«አትሂጂ አላልሽኝም? የሚተላለፍ ቢሆንስ፣ ለልጅቷ ብታመጪባትስ አላልሽኝም?»

«ብያለሁ! ማለትና መስረቅ አንድ ነው?»

አዩኝ። እናቴ ጣቷን አነሣች፤ የምትመታው ነገር አልነበረም፤ ወለሉን መታች። አምስት ጊዜ። «ምሳሽን በላሽ?» አለችኝ።

ከሰማሁት ሁሉ የያዝሁት ሁለት ነገር ነበር፤ እናቴ ደብዳቤውን ትፈልጋለች፤ እኔ ሰርቄ አበላሽቼዋለሁ። ግን እኮ ዋናው ነገር ደብተሬ ውስጥ አለ! ሮጬ አመጣሁት። በዚያው ገጽ ከፍቼ እጇ ላይ አኖርሁላት።

«አታልቅሺ እማዬ። ይኸው፤ ሁሉም እዚህ አለ። ምንም አልቀረም።»

አየችው። ዋሻውን፣ ውሻውን፣ ያን ባዶ ግማሽ ገጽ። ከዚያ ሳቀች። እንደዚያ ስትስቅ ከዚያ በፊት ሰምቻት አላውቅም፤ ከዚያም በኋላ አልሰማሁም። «እውነትሽን ነው ልጄ» አለች። «ምንም አልቀረም።»

ነገሩ እንዲህ ነበር። እናቴ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አንብባዋለች፤ ሁለቱንም ጊዜ ግን ዓይኗ «ግን ብትመጪ» የሚለው ላይ ቀርቷል። ታችኛው ጥግ ያለውን የሆስፒታል ስም ነገ እይዘዋለሁ ብላ ነበር። ለካምፑ ቴሌግራም አስመታች። በሦስተኛው ቀን መልስ መጣ፤ «ሰኞ ተወስዷል። የት እንደሆነ መዝገባችን አያሳይም።» ይህን አክስቴ ቀስ ብላ ስታነብ ከበር ኋላ ሰማሁ። ተወስዷል ማለት ከዋሻው ወዲያ በኩል ወደሚቆፍሩት ሰዎች ተዛውሯል ማለት መሰለኝ። ጥሩ ነው፤ አሁን እሱ ከዚያ፣ ጓደኞቹ ከዚህ ይመታሉ፤ መሐል ላይ ይገናኛሉ አልሁ።

በአራተኛው ቀን እናቴ ሳታንኳኳ ወሬ መቀያየር ጀመረች። ምሳዬን ስትሰጠኝ ስለ ዝናብ ጀምራ በጫማዬ ጨረሰችው። ያኔ ነው የፈራሁት።

በእረፍት ሰዓት ቀይ እርሳስ ብቻቸውን ክፍል ውስጥ ሲያርሙ ገባሁ። «ጋሼ፣ ዋናውን አመጣሁት። መጥፎ ነበር። ግን አርሜዋለሁ።»

ፈገግ ብለው ተቀበሉኝ። ወደ መስኮቱ ወሰዱት። ቀዩን ሳይሆን ከቀዩ ሥር ያለውን እንደሚያነቡ ከዓይናቸው አውቅ ነበር። ገለበጡት። መልሰው ገለበጡት። እርሳሱ ከጆሯቸው ጀርባ ወደቀ፤ አላነሡትም።

«ይህን ማን ሠረዘው?»

«እኔ።»

«ለምን?»

«ከርዕስ የወጣ ስለሆነ።»

«ርዕሱ ምንድን ነው?»

«ዋሻው።»

ወረቀቱን በጥንቃቄ አጠፉት። «እናትሽ የት ናቸው አሁን?» አሉ። ስነግራቸው እጄን ያዙኝ፤ ደወሉ እየተደወለ፣ ተማሪው እየገባ፣ እኛ ወጣን። በመንገድ እርምጃቸው ፈጣን ነበር። ሊከሱኝ ነው አልሁ። በሌላ በኩል ደግሞ እጄን የያዙት ጠበቅ አድርገው እንጂ በቁጣ አልነበረምና፣ ምናልባት እርማቱ ጥሩ ስለሆነ ለእናቴ ሊያመሰግኑኝ ይሆናል የሚል ተስፋም ነበረኝ። ይህን ተስፋ አስታውሼ ዛሬም ፊቴ ይቀላል።

ወንዙ ከበር ወደ መስኮት እየፈሰሱ ነበር። የእናቴ ጣቶች ይሮጣሉ። ቀይ እርሳስ በሩ ላይ ቆመው፣ «ይቅርታ እህቴ» አሉና ወረቀቱን ዘረጉላት። ተቀበለችው። በቀጥታ ወደ ታችኛው ጥግ ሄደች። ከንፈሯ የሆስፒታሉን ስም፣ ከተማውን፣ ቁጥሩን ሲል አየሁ። ከዚያ ዓይኗ ወደ ላይ ወጣና የእኔ እጅ ጽሑፍ ላይ ደረሰ። «ሐሳቡ ይወሰን።»

ተነሣች። ቦርሳዋን አነሣች።

«ደብዳቤው?» አሉ ወንዙ። «ዓረፍተ ነገሩ አላለቀም እኮ።»

«አዎ ጌታዬ» አለች። «አላለቀም።» እናም ወጣች። ወረቀቱ መኪናው ላይ፣ ቃል መሐል ላይ ተቆርጦ ቀረ። ያን ቀን ካየሁት ሁሉ ያስደነገጠኝ ይህ ነበር፤ እናቴ አንድ መስመር ሳትጨርስ ተነሥታ አታውቅም። ወንዙም ወደ መኪናው ጠጋ ብለው አዩት፤ ሊቀጥሉት ሞክረው ይመስለኛል፤ ከዚያ ኮፍያቸውን አንሥተው ወደ አውቶቡስ ጣቢያው ተከተሏት። ለካ የሚነዱት መኪና ነበራቸው፤ እስከ ሆስፒታሉ ድረስ ይዘዋት ሄዱ። ለካ ዝም ማለትም ይችላሉ።

ደርሳለች። አራት ቀን አብራው ነበረች። ደብዳቤውን እኔ የደበቅሁትም አራት ቀን ነው። ይህን ሒሳብ እናቴ እስክታርፍ ድረስ አንድም ቀን አላነሣችብኝም። የምደምረው እኔ ነኝ።

ቀይ እርሳስ በሚቀጥለው ሳምንት ስለ አንቀጽ ሲያስተምሩ፣ «የማይታዘዝ ዓረፍተ ነገር ምን ይደረጋል?» አላሉም። እኛ ከልማድ «ይባረራል!» ብለን ጮኽን። «ከመባረሩ በፊት ለምን እንደመጣ ይጠየቃል» አሉ። ከፈተና በፊት እንዲህ ያለ ለውጥ አግባብ አልመሰለኝም።

እናቴ በአሥረኛው ቀን ተመለሰች። የአባቴን የብረት ቆብ በስስ ፌስታል ይዛለች። አክስቴ በሩን ከፍታላት እጇን አፏ ላይ አደረገች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አፏ ውስጥ እስፒል አልነበረም። ልብሱ በመጨረሻ ተሰፋልኝ፤ ሰማያዊው ጨርቅ ለካ የአንዲት ደንበኛ ሥራ ኖሯል። የእኔ ጥቁር ነበር።

ይህ ግን በኋላ ነው። ያን ምሽት እናቴ መስኮቱ ሥር፣ በቦታዋ ተቀመጠች። በእጇ ወረቀት አልያዘችም። በእሷና በእኔ መካከል ምንም አልነበረም። ከፊት ለፊቷ እንድቀመጥ በዓይኗ ጠራችኝ።

«አባትሽ ውሻይቱን ጥሩ ቤት ሰጥቷታል» አለች። «ቡችሎቹም ደህና ናቸው።»

ከዚያ ጣቷን አነሣች። ጠ ጠ ጠ ጠ ጠ።

ባለቤቴ ባረፈ ማግሥት እኔም ልጆቼን ሰብስቤ ተቀምጬ፣ ዝቅ ብዬ ሳይ ጣቴ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ስለዚያ እዚህ አልጽፍም፤ ከርዕስ የወጣ ነው።

እናቴ ዝም አለች። ደግማ መታች፤ አምስት። ደግማ ዝም አለች። አክስቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እኔ ሥራዬን አውቅ ነበር። ደብተሬን አወጣሁ፤ ቀኑን ጻፍሁ፤ ስለ ውሻይቱ ያለችውን ገለበጥሁ። ከዚያ አንድ መስመር ወረድሁ፣ ከዳር አምስት ፊደል ገባሁ፣ እርሳሴን ወረቀቱ ላይ አሳርፌ ጠበቅኋት።